ውሃው

ከሥራ ስወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የጅማው ወንዝ አዌቱ ሞልቶ፣ ደፍርሶ ይወርዳል። ድልድዩ ላይ ቆሜ ብዙ አየሁት። ቤት መግባት አላሰኘኝም።

የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሙኒክ ሄደች። ዛሬ ጠዋት ከአባ ጅፋር አየር ማረፊያ ተነሳች። 8 ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ጥራቱን ለመለየት ቡና ቀምሰናል።

የትናንቱ ሽኝት እንደ ሁሉም ሽኝት ነው። ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ። ጥበቃችን ጋሼ «ለአገርሽ አፈር ያብቃሽ» ብለው ሲመርቋት ሁላችንም አቀረቀርን። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ገዝተንላት ነበር። ደስ አላት፤ ሻንጣው ውስጥ ግን አልገባ አለ።

ሻንጣዋን ጆንያ በምንመዝንበት ሚዛን ላይ አወጣነው። 26 ኪሎ። የሚፈቀድላት 23 ነው። በሶው ወጣ። ጫማ ወጣ። ሙኒክ ብርድ ነው እያልናት ጋቢውም ወጣ። ቡናውን ግን ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። 2 ኪሎ ጥሬ የጎማ ወረዳ ቡና ነው፤ ራሷ ፍሬ በፍሬ የለቀመችው። ቆልተሽ፣ ፈጭተሽ ውሰጂው ያሏት ነበሩ። «ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ የሄደ ሽታው ቶሎ ይሳሳል፤ እዛው እቆላዋለሁ» አለች። ልክ ናት።

ድልድዩ ላይ ቆሜ ነው የመጣብኝ። ቡናውስ አብሯት ሄደ። ውሃውስ?

ስንቀምስ ለ8 ግራም ከሩብ ቡና 150 ሚሊ ሊትር ውሃ እናፈስሳለን። 4 ደቂቃ ጠብቀን፣ ላዩ ላይ የተጋገረውን በማንኪያ ሰብረን፣ አፍንጫችንን ወደ ስኒው እንሰዳለን። ከዚያ ስለ ቡናው እንጽፋለን። አሲዱ፣ ቦዲው (አፍ ውስጥ የሚሰማው ክብደት)፣ አፈር አፈር ማለቱ፣ ሻጋታው። ስለ ውሃው የሚሞላ ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ስኒው ውስጥ ያለው እኮ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው።

ቤት ገብቼ ስለ ሙኒክ ውሃ አነበብኩ። አብዛኛው ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ፣ ከማንግፋል ሸለቆ ነው የሚመጣው። ጥሩ ውሃ ነው። ግን ጠንካራ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት፣ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት የቡናውን አሲድ ያደበዝዘዋል። የጎማ ቡና ያለዚያች አሲዱ ደግሞ ምኑን የጎማ ሆነ?

እናቴ ይህን ሳታነብ ታውቀው ነበር። ልጅ ሆኜ ሰፈር ስንቀይር «ይሄ ውሃ ቡናዬን አላወቀውም» አለች። ክረምት ሲገባ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ በባልዲ ትጠብቃለች። የመጀመሪያውን ትደፋዋለች፤ ጣራውን ያጠበ ነው። ሁለተኛውን ጀበና ውስጥ ትጨምረዋለች። ለኔ ቡና አይሰጠኝም ነበር። ሽታው ግን እስከ ደጅ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደሱ የሸተተኝ ቡና የለም።

ምላሴን እንዳምን ያደረገችኝ ግን ያቺ ዛሬ የሄደችው ናት። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ናሙና ቀምሼ ዝም አልኩ። ስሕተት መናገር ፈርቼ ነው። «የወረቀቱን ቃል ተወው፤ እቤትህ የምታውቀው ምን መሰለህ?» አለችኝ። ያለፈበት ሊጥ አልኳት። ጎንበስ ብላ ደግማ ቀመሰች። ተፋችው። «ልክ ነህ» አለችና ፈርሜንትድ፣ የቦካ ማለት ነው፣ ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ በመሐላችን ስሙ ያው ሊጥ ሆኖ ቀረ። እሷ ከጠረጴዛው ማዶ «ሊጥ» ካለች ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገኝም።

አሁን ማታ 4 ሰዓት ነው። እንደገና እየዘነበ ነው። ባልዲ ከጣራው ሥር አስቀምጬ የመጀመሪያውን ደፋሁት። ከጎማው ቡና አንድ እፍኝ አስቀርታልኛለች። እሱን እቆላለሁ።

እሷም እዛ የመጀመሪያውን ጀበና ስታፈላ፣ የጎደለውን ምላሷ ወዲያው ይነግራታል። እሷ ግን ለማን ትነግረዋለች? ባሏ እንደሆነ ቡና አይጠጣም።