እቁብተኛዋን የጠራሁ ቀን

ባሕር ዳር ውስጥ የቤተሰብ አማካሪ ነኝ። ይህን ስህተት እኔ ከሠራሁት ይበቃል። (ሰዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።)

የተኳረፈ ቤተሰብን ከዘመድ ከጎረቤቱ ጋር ሰብስቦ ማነጋገር አዲስ ዘዴ አይደለም። ሮስ ስፔክና ካሮሊን አትኒቭ የተባሉ አሜሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቤተሰቡን ዘመድ፣ ጎረቤትና ጓደኛ 40 ያህል ሆኖ አንድ ላይ እንዲሰበሰብ ያደርጉ ነበር። እኛ ሰፈር 40 ሰው ከተሰበሰበ ለቅሶ ነው፤ ድንኳን ይተከላል።

ባልና ሚስት መጡ። ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ መልእክት የሚያመላልሰው ልጃቸው ነው። ወረቀት ላይ ቤተሰቡን መሀል፣ እድሩን፣ ጽዋ ማኅበሩን፣ እቁቡንና ጎረቤቱን ዙሪያውን ሣልን። ይህ ቀላል ነው።

ከዚያ "ማንን እንጥራ?" አልኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ! ባልየው የእቁቡን ጸሐፊ ጠራ። (አሁን ሳስበው ጠርጥሮ ነበር።) ሚስትየው ዝም አለች። ዝምታዋን እሺታ ብዬ ጻፍኩት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ 14 ሰው ቤታቸው ተሰበሰበ። የእድሩ ዳኛ አቦሉ ሳይጠጣ ነገሩን ሽምግልና አደረጉት። "በሉ ተነሡ፣ ይቅር ተባባሉ!" ማስቆም ነበረብኝ፤ ሽማግሌ ማቋረጥ ከበደኝ። ይሄኔ ጸሐፊዋ፣ ለሚስትየው ያገዘች መስሏት፣ "ምን ታድርግ? የደረሳትን እቁብ እኮ ለወንድሟ ሰጥታ ነው" አለች። ባልየው ዕጣው ገና አልወጣላትም ብሎ ነበር የሚጠብቀው። ቤቱ ጭጭ አለ። ሚስትየው ረከቦቱን ትታ ጓዳ ገባች። ቶናው ሳይቀዳ ቀረ።

የነፍስ አባታቸውንም ጠርቼ ነበር። ሲወጡ በረንዳው ላይ "ልጄ፣ በኑዛዜ የሰማሁትን ይዤ ሰው መሀል ምን አስቀመጥሽኝ?" አሉኝ። ምን እመልሳለሁ?

ኃላፊዬ ሪፖርቱን አይቶ የጠየቀኝ ስንት ሰው እንደመጣ ብቻ ነው። 14 ስለው "ጎበዝ!" አለኝ።

አሁን አንዱን ቢሮ ሻይ አስይዤ ሌላውን ጣና ዳር ይዤ እወጣለሁ። በእያንዳንዱ ስም ላይ "ይህ ሰው ምኑን ባይሰማ ይሻልሻል?" እላለሁ። ሰው በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው ይላሉ፤ እኔ ከ6 አላልፍም። የነፍስ አባት አልጠራም። እቁብተኛማ ጭራሽ! የእድሩን ዳኛ ቀድሜ ቤታቸው ሄጄ "አባባ፣ ዛሬ እርቅ የለም፤ መስማት ብቻ ነው" እላቸዋለሁ። ይቀየማሉ። ይቀየሙ።

ሚስትየዋን አንዳንዴ ጊዮርጊስ በር ላይ አገኛታለሁ። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትለኛለች። ቆማ ግን አታናግረኝም።