ሠላሳ ሰባት ስም አንድ በአንድ ላለመፈለግ

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩ ስምንት ወሬ ነው። ሰፈራችን ጎንደር ነው፤ ከጃንተከል ዋርካ ብዙም አይርቅም። የተመረጥኩበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ላፕቶፕ አለኝ። "አንተ ኮምፒዩተር ታውቃለህ" ተባልኩና ሦስት ያረጁ ደብተሮች ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። 612 አባል ወደ ኤክሴል ገለበጥኩ። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከገንዘብ ያዣችን ብጣሽ ወረቀት ነው። እትዬ በየወሩ ያልከፈሉትን ሰዎች ስም በእጃቸው ጽፈው ይሰጡኛል። አንድ ወር ላይ 37 ስም መጣ። የኔ ሥራ እነዚህን ከመዝገቡ ፈልጎ፣ ስልካቸውንና ውዝፋቸውን ለእድሩ ዳኛ ማቅረብ ነው። ኮንትሮልና ኤፍ እጫናለሁ፣ ስም እጽፋለሁ፣ ሲገኝ ቢጫ እቀባለሁ፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ሃያኛው ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ሴቭም አላደረግኩም ነበር።

መብራት ሲመጣ ሁለት ስም በኮማ ለይቼ መፈለጊያው ላይ ጻፍኩ። ምንም አልተገኘም። ለካ ኮማውንም አብሮ ነው የሚፈልገው። ከዚያ ፊልተር ሞከርኩ። የፊልተሩ መፈለጊያ ላይ አንድ ስም ጽፎ ኦኬ ማለት፣ ሁለተኛውን ሲጽፉ ደግሞ "አድ ከረንት ሰሌክሽን ቱ ፊልተር" የምትለዋን ሳጥን ምልክት ማድረግ ነው። ይሠራል። ለአምስት ስም ግሩም ነው። ለ37 ግን ያው መከራ ነው፤ ሳጥኗን አንዴ ከረሳችሁ የሰበሰባችሁት ሁሉ ይጠፋል።

መላው የመጣልኝ ጥያቄውን ስገለብጠው ነው። ቤት ለቤት እየዞርኩ "እገሌ እዚህ ነው?" ከምል፣ ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ልለጥፍና ስሙ ያለበት ራሱ እጁን ያውጣ አልኩ። ይህን የሚሠራው ካውንትኢፍ (COUNTIF) የሚባለው የኤክሴል ፎርሙላ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ የት ልቁጠር? ምን ልቁጠር? የእትዬን 37 ስም እዚያው ሺት ላይ ወደ ጎን በአንድ ዓምድ ጻፍኩ። ከመዝገቡ አጠገብ ባዶ ዓምድ ከፈትኩና "የዚህን ረድፍ ስም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ቁጠርልኝ" አልኩት። ካለ 1፣ ከሌለ 0። ከዚያ 1ን ብቻ ፊልተር ማድረግ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ግን ከ39ኛው ረድፍ በታች ሁሉም ዜሮ ሆነብኝ። ግማሽ ሰዓት ፈጀሁበት። ፎርሙላውን ወደ ታች ስጎትተው የዝርዝሩም አድራሻ አብሮ እየተንሸራተተ፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ነበር የሚቆጥረው። የዝርዝሩን አድራሻ በዶላር ምልክት መቆለፍ ያስፈልጋል። ፎርሙላው ውስጥ አድራሻው ላይ ሆኖ ኤፍ 4ን መጫን ነው። የቁልፏን ነገር እኔ አሁንም አልፎ አልፎ እረሳታለሁ።

እንግዲህ አለቀ ብዬ ነበር። ሆኖም ፊልተሩ ያወጣው ከ37 በጣም ያነሰ ሆነ። ያኔ ያንኑ ፎርሙላ በተቃራኒው ሠራሁት። አሁን በብጣሹ ስሞች ጎን ሆኖ መዝገቡን ይቁጠር። ለኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው አያደርገውም። የተገኘውን ሳይሆን የጠፋውን ያሳያል። 24ቱ ስም 1 አለ። ሁለቱ 2 አሉ፣ ማለትም በአንድ ስም ሁለት አባል አለ። አሥራ አንዱ ዜሮ።

ከአሥራ አንዱ የመጀመሪያው ሀይሉ ነው። መዝገቡ ላይ በዓይኔ አየዋለሁ! እትዬ ሲጽፉ "ሀይሉ"፣ የድሮው ደብተር ላይ ደግሞ "ኃይሉ"። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን እንደ በግና ፍየል ነው። ዩኒኮድ የሚባል ፎርሙላ አለ፤ ፊደል ስትሰጡት ቁጥሩን ይነግራችኋል። ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። ቁጥራቸው ከተለያየ ለሱ ሌላ ሰው ናቸው። ሰባቱ ዜሮዎች እንደዚህ የፊደል ጉዳይ ነበሩ፤ ሥላሴና ስላሴ፣ ፀሐይና ጸሀይ፣ ዓለሙና አለሙ። ሁለቱ ከስሙ በኋላ ሳይታወቅ የተመታ ስፔስ ነው፤ እሱን ትሪም የሚባለው ፎርሙላ ያጠፋዋል። አንዱ ገ/ማርያም እና ገብረማርያም ነው። አሥራ አንደኛው እኔ ነበርኩ። ውዝፍ ነበረብኝ፤ 612 ሰው ስገለብጥ ደግሞ የራሴን ስም ዘልዬዋለሁ።

ለፊደሉ መጀመሪያ ያሰብኩት መዝገቡን በሙሉ ወደ አንድ ዓይነት ፊደል መቀየር ነበር። ለዳኛችን ሳማክራቸው ተቆጡ። ጋሼ በልጅነታቸው በዓታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው።

"አንተ ልጅ፣ ኃይሉ በብዙኃኑ ኃ ነው። ሥላሴ በንጉሡ ሠ ነው። የሰው ስም አትንካ!"

"ለመፈለጊያ ብቻ ነው ጋሼ።"

"ለመፈለጊያ ከሆነ ለብቻው ጻፈው።"

እውነታቸውን ነው፤ ከኤክሴል አንጻርም ትክክሉ እሱ ነው። ዋናው ስም እንዳለ ይቀመጣል። አጠገቡ "መፈለጊያ" የሚል ዓምድ ከፍቼ ስሙን ኮፒ አደረግኩ። እዚያ ላይ ብቻ ኮንትሮልና ኤች ተጭኜ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀየርኩ። ሰባቱንም እርከን ከቆጠርን 35 ለውጥ ነው። እኔ በስሞቹ ውስጥ ያሉትን ብቻ ሠራሁ። ሃን ወደ ሀ፣ ዓንና ኣን ወደ አ ማድረግ እንዳትረሱ። በሰብስቲትዩት ፎርሙላ ደራርቦ መሥራትም ይቻላል፤ ኤክሴል እስከ 64 ድርብ ይፈቅዳል። እኔ ግን ያን ያህል ቅንፍ ለመቁጠር ዓይኔ አይችልም። የብጣሹ ስሞችም በዚያው ወንፊት ማለፍ አለባቸው፤ አለዚያ ልፋቱ ከንቱ ነው።

አድቫንስድ ፊልተር የሚባለውን የኤክሴል መሣሪያም ሞክሬ ነበር። የምትፈልጓቸውን ስሞች ከላይ ወደ ታች ትደረድራላችሁ፤ ርዕሱ ከመዝገቡ ርዕስ ጋር አንድ መሆን አለበት። ፈጣን ነው፣ ግን ሁለት ወጥመድ አለው። "ብርሃኑ ተስፋ" ስለው "ብርሃኑ ተስፋዬ"ንም አመጣልኝ፤ በዚህ የሚጀምረውን ሁሉ ነው የሚወስደው። ደግሞ ከዝርዝሩ ሥር አንድ ባዶ ረድፍ አብሬ መርጬ ኖሮ 612ቱንም አባል ውዝፍ አለበት ብሎ አወጣው። ለጋሼ ከማሳየቴ በፊት ማየቴ በጀኝ።

የ2021 ኤክሴል ወይም 365 ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ፊልተር የሚባለው ፎርሙላ ውስጥ ካውንትኢፉን ብትከቱት ረድፎቹን ራሱ ነቅሶ ያወጣል። ጉግል ሺትስ ላይም አለ። የኔ የ2016 ስለሆነ በዓምዴ ቀጥያለሁ።

አሁን እትዬን ከስሙ ጎን የደብተር ቁጥር እንዲጽፉልኝ ለምኛቸዋለሁ። ስመ ሞክሼዎቹን የሚለየው እሱ ብቻ ነው። ያለፈው ወር 29 ስም መጣ፤ ቁጥር የተጻፈበት ግን አሥራ አራቱ ላይ ነው። "ስሙን እያወቅኩት ቁጥር ምን ያደርግልኛል?" ይላሉ። ስለዚህ መፈለጊያ ዓምዴ ገና ጡረታ አልወጣም። አንድ የቀረኝ የ"ገ/" እና የ"ወ/" ነገር ነው። ገ/ን ወደ ገብረ መቀየር ቀላል ነው፤ ወ/ ግን ወልደም ወለተም ሊሆን ይችላል። እስካሁን በእጄ ነው የማስተካክለው። የተሻለ መላ ያገኛችሁ ካላችሁ አካፍሉኝ።