ከሥዕል ወደ ሥዕል መምህርነት፦ የተማርሁበት መንገድ

የሥዕል መምህር ለመሆን ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት በአብዛኛው የሚዘጋጀው ለሥዕሉ እንጂ ለመምህርነቱ አይደለም። እኔም የተግባር መግቢያ ፈተና እንደሚጠብቀኝ ስለማውቅ፣ ከ12ኛ ክፍል ፈተና በኋላ የነበረውን ክረምት የካ አባዶ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤታችን በረንዳ ላይ ድስት፣ ባልዲ፣ አሮጌ ጫማና የእናቴን እጆች እየሣልሁ አሳለፍሁት። ልምምዱ ጠቅሞኛል፤ ያለ እርሱ ፈተናውን አላልፍም ነበር። ዛሬ ግን ከከተማው ዳር ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የክወናና የእይታ ጥበባትን ሳስተምር በየዕለቱ የምጠቀምበት ችሎታ ሌላ ነው። እጄ ሳያስብ የሚሠራውን ነገር በደረጃ ከፋፍዬ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ ስም ሰጥቼ፣ 60 የሚደርሱ ልጆች በ40 ደቂቃ ውስጥ፣ በእጃቸው ባለው ደብተርና እርሳስ ሊሠሩት በሚችሉት ልክ ማቅረብ ይጠበቅብኛል። ይህ ችሎታ የተገነባው ከስቱዲዮው ይልቅ በማስተማር ልምምዱና በዙሪያው በሠራኋቸው ነገሮች ነው።

ስለ ጉዞው ብዙ አልልም። ከየካ አባዶ በካራና በኮተቤ በኩል መገናኛ፣ ከዚያም ወደ መሃል ከተማ በሁለት ትራንስፖርት መሄድ ለአካባቢያችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የሥዕል ተማሪን ልዩ የሚያደርገው ትልልቅ ወረቀት ተሸክሞ በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ መቆሙ ብቻ ነው። ለዚህ ያገለገለኝ ከግንባታ ቦታ ያገኘሁት ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ሲሆን፣ ወረቀቱን ጠቅልዬ በውስጡ ካስገባሁና ሁለቱን ጫፎች በጨርቅ ከደፈንሁ በኋላ ዝናብም ግፊያም አይጎዳውም ነበር።

በስቱዲዮ የተሰጠን ሥልጠና መሠረቱ ከውጭ የመጣ ነው፤ ለዚህም ታሪካዊ ምክንያት አለው። በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው የተመለሱ ነበሩ፤ በዚያው ካስተማሩት መካከል ገብረ ክርስቶስ ደስታ በኮሎኝ፣ እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ በለንደንና በፓሪስ ቆይተው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ዕቃ ደርድሮ መሣል፣ ሰውን በሞዴልነት አስቀምጦ መሣልና ብርሃንና ጥላን በከሰል ማጥናት በአገራችን የሥዕል ትምህርት ዋና ቦታ ቢይዙ አያስገርምም። እኔ የተማርሁበት ፕሮግራም የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን የሰጠን በታሪክ ኮርስነት ብቻ ነበር፤ በእጃችን እንድንሞክረው አልተደረገም። ይህ በእኔ አስተያየት ለመምህርነት ለሚዘጋጅ ሰው ትልቅ ክፍተት ነው።

ክፍተቱን በከፊል የሞላሁት ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ የተሰበሰቡትን ጥንታዊ ሥዕሎች በእርሳስ እየገለበጥሁ ነው። በነባሩ የአሣሣል ሥርዓት ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሣላሉ። ይህን በጽሑፍ ማንበብና መስመሩን እየተከተሉ በእጅ መሥራት የተለያዩ ናቸው፤ ሠዓሊው በጎን የመሣል ችሎታ ሳያንሰው ፊት ለፊት መሣልን ለትርጉሙ ሲል እንደመረጠ የተረዳሁት እየገለበጥሁ ሳለ ነው። ዛሬ አንድ ተማሪ የጓደኛውን መልክ ትልልቅ ዓይን ሰጥቶ ፊት ለፊት ሲሥል «ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ እነዚያን ሥዕሎች አሳየዋለሁ፤ ከዚያም ያንኑ ጓደኛውን በጎን እንዲሥለውና የትኛው ምን እንደሚናገር እንዲያስረዳኝ እጠይቀዋለሁ።

ከትምህርት ሙያ ኮርሶቹ ውስጥ፣ ብዙዎቻችን ለማለፍ ብቻ የምንወስዳቸው ቢሆኑም፣ የልጆች ሥዕል የሚያድግባቸውን ደረጃዎች የሚያጠናው ክፍል እጅግ ጠቅሞኛል። ኦስትሪያ የተወለደውና በኋላ በአሜሪካ ያስተማረው ቪክቶር ሎወንፌልድ በእነዚህ ደረጃዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ልጆች ከዘጠኝ ዓመት ገደማ ጀምሮ ሥዕላቸው እውነተኛውን ነገር እንዲመስል መፈለግ እንደሚጀምሩ፣ ወደ አሥራዎቹ ሲገቡም የራሳቸውን ሥራ አጥብቀው እንደሚተቹ ያስረዳል። የእኔ ተማሪዎች የሚገኙት በትክክል በዚህ ዕድሜ ላይ ነው። ትናንት ቤትና ዛፍ ሲሥል የነበረ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲደርስ «ቲቸር፣ እኔ ሥዕል አልችልም» ብሎ ደብተሩን በክንዱ የሚሸፍነው ስንፍና ይዞት ሳይሆን፣ ዓይኑ ከእጁ ቀድሞ ስላደገ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ «ነጻ ሆነህ ሣል» ማለት አይረዳውም፤ የሚረዳው ዓይኑ የሚፈልገውን ነገር እጁ የሚደርስበት ግልጽ ዘዴ ነው።

የማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት የተመደቡልኝ አማካሪ መምህር ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ ሰው ነበሩ። ስለ ብርሃንና ጥላ ያዘጋጀሁትን የዕለት ትምህርት ዕቅድ ካነበቡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህን በምን ልታሳዪያቸው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በጠመኔ እንደሆነ ስነግራቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ጠመኔ እኮ የሚያስቀምጠው ብርሃንን ነው፤ እርሳስ የሚያስቀምጠው ጥላን ነው። ብርሃን ያረፈበትን ጎን በጠመኔ ብታደምቂው ሰሌዳው ላይ ያምርልሻል፤ ልጆቹ ግን ያንኑ ጎን በእርሳስ ያጠቁሩታል። ጥላውን በጠመኔ ብትሞዪው ደግሞ ጥላው ነጭ ሆኖ ይታያቸዋል።» በስቱዲዮ ከሰል ይዘን በነጭ ወረቀት ላይ ስንሠራ ስለቆየን ይህ ከቶ አልታየኝም ነበር፤ እርሳቸው ግን በጥቁር ሰሌዳ ፊት ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሌዳውን የምጠቀምበት ለቅርጽ፣ ለመጠንና ለአቅጣጫ ብቻ ነው። ጥላን ለማሳየት ከሱቅ የማገኘውን ቡናማ ካርቶን ዘርግቼ እሰቅላለሁ። የካርቶኑ ቀለም ከጥቁርና ከነጭ መካከል ስለሆነ፣ ጥላውን በከሰል፣ ብርሃኑን በጠመኔ አኖርና መካከለኛውን ለካርቶኑ እተውለታለሁ፤ ሦስቱ ደረጃዎች ከኋላ ወንበር እንኳ በግልጽ ይታያሉ። የዕቃን አፍ ክብነት ለማስተማር ደግሞ አንድ ባልዲ ይበቃኛል። ባልዲውን ወለል ላይ ሳስቀምጠው አፉ ሰፊ ሆኖ ይታያል፤ ከፍ እያደረግሁት ስሄድ እየጠበበ፣ ከተመልካቹ ዓይን ጋር እኩል ሲሆን ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። የፊትና የኋላ ተቀማጮች የሚያዩት ስለሚለያይ ከጎረቤት መቅዳት ትርጉም ያጣል፤ ይህ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የመሣሪያ እጥረትን በተመለከተ፣ ዩኒቨርሲቲው ስለ ቁሳቁስ የሰጠን ትምህርት የተዘጋጀው ከሱቅ ለሚገዛ ሰው ነበር። የሥዕል ከሰልን ራሴ መሥራት የጀመርሁት ተማሪ ሳለሁ ገንዘብ ለመቆጠብ ነው። እርሳስ የሚያህል የአኻያ ቀንበጥ ከወንዝ ዳር ቆርጬ፣ ልጬና አድርቄ ክዳን ባለው የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አጥብቄ እደረድራለሁ፤ ክዳኑን በሚስማር በስቼ ጣሳውን እሳት ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ከቀዳዳው የሚወጣው ጭስ ሲያቆም ከሰሉ ደርሷል ማለት ነው። ጣሳው ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ መከፈት የለበትም፤ አየር ካገኘ በውስጡ ያለው ሁሉ ተቀጣጥሎ አመድ ይሆናል። የባሕር ዛፍ ቀንበጥም ሞክሬ ነበር፤ በአካባቢያችን እንደ ልብ የሚገኝ ቢሆንም የሚሰጠው ከሰል ጠንካራ ሆኖ ወረቀቱን ይቧጥጣል።

ለቀለም የሚያገለግለን አፈር ነው። ቀዩን አፈር ከተዳፋቱ አምጥተን እንወቅጠዋለን፤ ከውሃ ጋር በጥብጠን ጥቂት ስናቆየው አሸዋው ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለውን ድፍርስ ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠን ስናስቀምጠው ደግሞ የላመው ክፍል ከታች ይቀራል። ይህን አድርቀን ለመያዣ በውሃ የሟሟ የግራር ሙጫ ወይም የእንቁላል አስኳል እንጨምርበታለን። ጥቁሩ መረሬ ግን ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ ለቀለም አይመችም፤ የብራና ጸሐፊዎች ለቀለማቸው ጥላሸት እንደሚጠቀሙ ሁሉ እኛም ጥቁሩን ከጥላሸት እናገኛለን። ደማቅ ቀለም ሲያስፈልገን ብርሃን የሚያሳልፍ የከረሜላ መጠቅለያ ሰብስበን በጥቁር ወረቀት ማዕቀፍ ላይ እየለጠፍን ከመስኮት እንሰቅለዋለን፤ ያን ጊዜ ስለ አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል እነግራቸዋለሁ። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር መሆኑን ስነግራቸው የመማሪያ ክፍላችንን በእርምጃ ለመለካት የማይነሳ ልጅ የለም።

ምዘና ከሁሉም የከበደኝ ጉዳይ ነው። በስቱዲዮ መምህራኖቻችን ሥራዎቻችንን ግድግዳ ላይ ደርድረው በማነጻጸር ነበር ነጥብ የሚሰጡን፤ ይህ ለሠዓሊነት ይሠራ ይሆናል፤ በ7ኛ ክፍል ግን ቀድሞም የሚችሉትን ብቻ ይሸልማል። አሁን ልጆቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ነጥቡ የሚሰጥበትን ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፦ የዕለቱን ዘዴ መሞከሩን፣ ከመጀመሪያው ንድፍ በኋላ ያሻሻለው ነገር መኖሩንና ስለ ሥራው አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር መቻሉን። የመጀመሪያውን ንድፍ ካጠፋ ነጥብ ስለሚጎድልበት ላጲሱ ክፍል ውስጥ እምብዛም አይታይም።

የጊዜውም ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቀለም የሚነካ ሥራ፣ ዕቃ ማደሉና ማጠቡ ተጨምሮበት፣ በ40 ደቂቃ አያልቅም። የሥዕል ክፍለ ጊዜ ደግሞ የሂሳብ ወይም የእንግሊዝኛ ማካካሻ ሲያስፈልግ መጀመሪያ የሚወሰደው ነው፤ በዚህ መቆጣቴን አልደብቅም፤ ቁጣ ግን ክፍለ ጊዜ አይመልስም። ስለዚህ ክፍለ ጊዜ ደልዳዩን መምህር የማነጋግረው በነሐሴ፣ ድልድሉ ሳይጸድቅ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ፣ የሚቻል ከሆነም ከዕረፍት በፊት ያለውን፣ በጽሑፍ እጠይቃለሁ፤ የዓመታዊ ዕቅዴንም ግልባጭ አያይዤ የትኛው ሥራ ለምን 80 ደቂቃ እንደሚፈልግ አሳያለሁ። መስከረም ከገባ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ፣ ትክክለኛም ቢሆን፣ የሌላውን መምህር ፕሮግራም ስለሚያናጋ ተቀባይነት አያገኝም።