የባትሪ ውሃ ለባትሪ፣ የቦኖ ውሃ ለሰው

የውሃ ማጣሪያ የሚሸጡ ሰዎች የሚያሳዩት አንድ ትርኢት አለ። ሁለት ብርጭቆ ይደረደራል፤ አንዱ የቧንቧ ውሃ፣ ሌላው ከማሽኑ የወጣ። የብረት ዘንግ ያለው መሣሪያ ሁለቱም ውስጥ ይነከርና ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ብዙም ሳይቆይ የቧንቧው ዝገት መስሎ ይደፈርሳል፣ የማሽኑ እንደ ጠራ ይቀራል። «ልጆቻችሁን የምታጠጡት ይኸንን ነው!»

ያ ዝገት የመጣው ከዘንጉ ነው። በቧንቧው ውሃ ውስጥ የሟሙት ካልሲየምና ማግኒዥየም ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፉ ብረቱ እየተበላ ውሃው ውስጥ ይገባል። በማሽኑ ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሸከም ነገር ስለሌለ ዘንጉ አይነካም። ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ጨምሩበትና ይድገመው በሉ፤ እሱም ይደፈርሳል።

እስክሪብቶ የምታክለው የቲዲኤስ መለኪያም ከዚህ አትሻልም። የምታነበው ውሃው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙን ነው፤ ከዚያ ተነስታ በሊትር ስንት ሚሊግራም ማዕድን እንደሟሟ ትገምታለች። ጀርም አታይም። የወፍ ኩስ የነካው የዝናብ ውሃ ላይ 20 ልታሳይ ትችላለች፣ ምንም እንከን የሌለበት የጉድጓድ ውሃ ላይ 300። አምቦ ውሃ ውስጥ ቢነክሯትማ ቁጥሩ ሰማይ ይነካል፤ እሱን ግን ገንዘብ ከፍለን እንጠጣዋለን።

ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ ኮላይ የተባለው ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ አንድም እንዳይገኝ፤ በሊትር ፍሎራይድ ከ1.5፣ ናይትሬት ከ50፣ አርሴኒክ ከ0.01 ሚሊግራም እንዳይበልጥ። ለካልሲየምና ለማግኒዥየም በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ጣሪያ የለም። የጎጃም ደጋ ባሳልት ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ምንጩም ጉድጓዱም እነዚህን ይዞ ይወጣል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ እንዲህ ካለ ድንጋይ የሚወጣ ውሃ ሳሙና አላረፋ ይላል፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ቅርፊቱ ጉዳት የለውም፤ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ ማፍላትና ማሳደር ያስለቅቀዋል።

ምንም ያልሟሟበት ውሃ የሚያስፈልገው ለላቦራቶሪ፣ ለመድኃኒትና፣ እኛ ዘንድ ከሁሉ በላይ፣ ለባትሪ ነው፦ ለባጃጅ፣ ለወፍጮ ሞተር፣ ውሃ ለሚሞላ የሶላር ባትሪ። ባትሪ ሲሞላ ውሃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ተከፍሎ ይበናል፤ አሲዱ ግን እዚያው ይቀራል። ካልፈሰሰ በቀር የጎደለው ውሃ ብቻ ነው። ጎደለ ብሎ አሲድ መጨመር ፕሌቱን፣ ማለትም ፈሳሹ ውስጥ የተነከሩትን የእርሳስ ሰሌዳዎች፣ ያስበላል። የቧንቧ ውሃ ከተጨመረ ደግሞ ውሃው ሲበን ማዕድኑ እየቀረ በየጊዜው ይጠራቀማል፤ በተለይ ብረት ካለበት ባትሪው ሥራ ሳይሠራ ቁጭ ብሎ በራሱ ይወርዳል።

አሞላሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባትሪው ቻርጅ ይደረግ፤ ሲሞላ ፈሳሹ ከፍ ስለሚል ቀድሞ አፍ እስከ ገደፉ የተሞላ ባትሪ አሲድ ይተፋል። ፕሌቱ ደርቆ ከታየ ብቻ እሱን እስኪሸፍን ጠብ አድርጎ፣ ቻርጅ አድርጎ፣ ከዚያ ከፕሌቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ እስኪል ይጨመራል። ማንቆርቆሪያውም ማጥለያውም ፕላስቲክ ይሁን። የሚወጣው ሃይድሮጅን ስለሚፈነዳ ሲጋራም ክብሪትም አይጠጋ፤ ዓይን በመነጽር ይሸፈን።

«ክረምት ነው፣ ዝናብ አለልን» የሚሉ አሉ። ዝናብ ከደመና ሲወርድ እውነትም ለባትሪ ውሃ ይቀርባል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደው ግን ዚንክ፣ ዝገትና አቧራ ጠርጎ ነው የሚመጣው። ግድ ከሆነ የመጀመሪያው ዝናብ አየሩን ካጠበ በኋላ ግቢ መሃል በርጩማ ላይ በተቀመጠ ንጹህ የፕላስቲክ ሳፋ ያዙት። አረቄ የሚያወጡ ሰዎች ደግሞ ዘዴውን ያውቁታል፦ እንፋሎቱን በቱቦ አሳልፎ ማቀዝቀዝ። ችግሩ የመዳብ ወይም የዛገ ቱቦ ብረቱን መልሶ ውሃው ውስጥ ይጨምራል። ማገዶውም አያዋጣም፤ 1 ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ለማትነን 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ ያውም ምንም ሙቀት ካልባከነ። መግዛቱ ይሻላል።

የባትሪ ውሃ ቢጠጣ ይገድላል የሚባለው ልክ አይደለም። ማዕድን በዋናነት የምናገኘው ከእንጀራው፣ ከሽሮው፣ ከጎመኑ ነው። ግን አትጠጡት፤ ዕቃው ለምግብ ታስቦ የታጠበ አይደለም፣ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ውሃውና አሲዱ በሚመሳሰል ፕላስቲክ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ተቅማጥ የያዘው ሰውማ ጨው እያጣ ስለሆነ ባዶ ውሃ ብቻውን አይበቃውም፦ ኦአርኤስ አንዱን ፓኬት ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሊትር፤ ከጠፋ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር። ጨው ማብዛት ሕፃን ይጎዳል።

ወደ መጠጡ ስንመለስ፣ ባሕር ዳር ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከፍ ስለሚል 92። ሁለቱም ጀርም ለመግደል ይበቃሉ። ከ2000 ሜትር በታች ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ 3 ደቂቃ። ሩብ ሰዓት ማፍላት ማገዶ መጨረስ ነው፤ ናይትሬትና ፍሎራይድም አይወጡም፣ ውሃው ሲቀንስ ይልቁንም ይወፍራሉ።

ክረምት ላይ የደፈረሰ ውሃ ውስጥ ክሎሪን መጨመር ብክነት ነው፤ ጀርሙ ጭቃው ውስጥ ይሸሸጋል፣ መድኃኒቱን ጭቃው ይጨርሰዋል። አሳድራችሁ አዝቅጡት፣ ላይ ላዩን ቀድታችሁ በታጠፈ ንጹህ ጨርቅ አጥልሉት፣ ከዚያ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጀሪካኑን ቀድሞ በሳሙና፣ ጥቂት ውሃና ጠጠር ጨምሮ እየናጡ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ውስጡ ያለው አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ካልለቀቀ የገባው ክሎሪን እሱ ላይ ያልቃል። ከጀሪካኑ ገልብጣችሁ ቅዱ እንጂ ጣሳ አታስገቡ። ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ መቅረቱ ደግ ነው፣ ኋላ የሚገባውን ጀርም ይጠብቃል፤ ልጆች እንቢ ካሉ ከመጠጣታቸው በፊት በሁለት ንጹህ ዕቃ ወዲያ ወዲህ ገልብጡት።