«መድኃኒቱ ነው» ሲሉኝ

ባሕር ዳር፣ አንድ ጤና ጣቢያ ቲቢ ክፍል ስሠራ ነው። ጣና ዳር ጀልባ የሚጠብቁ አንድ ዘበኛ መድኃኒት ከጀመሩ ሁለተኛ ወራቸውን ይዘዋል።

አንድ ጠዋት ክኒናቸውን ውጠው ከወንበሩ አልነሳ አሉ። «ሲስተር፣ ይሄ መድኃኒት እግሬን አቃጠለኝ። ሌሊት ፍም የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ። ሐይቁ ውስጥ እየነከርኩት ነው የማድረው።»

ቲቢ ክፍል የሠራ ያውቀዋል፤ ሳሉ ቀለል ሲል ሰው መድኃኒቱን የሚተውበት ሰበብ ይፈልጋል። እኔም ሰበብ መሰለኝ። «ጋሼ፣ ቆመው ስለሚያድሩ ነው። እንዳያቋርጡ!» ብዬ ሸኘኋቸው። ቆጣም ብያለሁ።

በሳምንቱ ሲመጡ አንድ እግራቸው ባዶ ነው። ነጠላ ጫማቸው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል፤ አልታወቃቸውም።

ያኔ ደነገጥኩ። ዓይናቸውን አስጨፍኜ በጥጥ ጫፍ እግራቸውን ነካ ነካ አደረግኩ።

«ምነው፣ አልጀመርሽም እንዴ?»

ጥጡ አውራ ጣታቸው ላይ ነበር። ቁርጭምጭሚት ጋ ስደርስ «አሁን» አሉ። ሌላኛውም እግር እንደዚያው፣ ካልሲ ያጠለቁ ያህል። ረጃጅሞቹ ነርቮች ናቸው ቀድመው የሚጎዱት።

ከሚውጧቸው አራት መድኃኒቶች አንዱ አይሶናያዚድ ነው። ሰውነት ቫይታሚን ቢ6ን በደንብ እንዳይጠቀም ያደርጋል፤ ነርቭ ደግሞ ያለ ቢ6 አይሆንለትም። መጠጥ ለሚያዘወትር፣ ስኳር ወይም ኤችአይቪ ላለበት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ምግብ ለጎደለው ሰው ትንሿ የቢ6 ክኒን ከመጀመሪያው ቀን አብራ የምትሰጠው ለዚህ ነው። ካርዳቸውን ገለጥኩ። የመጠጥ ጥያቄው ባዶ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ።

«ጋሼ፣ ይጠጣሉ?»

«ኧረ የለም፤ ለብርዱ ሁለት መለኪያ አረቄ ብቻ።»

«በየስንት ቀኑ?»

«ብርድ ከሌለ አልጠጣም።»

ጣና ዳር ብርድ የሌለበት ሌሊት የትኛው እንደሆነ አልነገሩኝም።

ሐኪሙ አያቸው። ስኳራቸው ተለክቶ ደህና ሆነ። የቲቢው መድኃኒት ቀጠለ፤ ቢ6 ከፍ ባለ መጠን ተጨመረ። ማቃጠሉ ቀስ እያለ ለቀቃቸው፤ መደንዘዙ ግን ቆየ። ነርቭ ሲያገግም በወራት ነው።

በስድስተኛው ወር እየሳቁ ገቡ። «ትናንት ማታ እግሬን ብነክረው ውሃው በረደኝ! ቶሎ አወጣሁት።»

«አረቄውስ?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ።