እየተሠራ ይገኛል

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ያለ ምክንያት ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። እንዲህ ባለው ቀን ጋዜጣ ከእጄ መራቅ እንዳለበት የቤት ሰዎቼ ያውቃሉ፤ ወዳጄ ግን አላወቀምና በጠዋት ስለ አንድ መንገድ የተጻፈ ዜና ላከልኝ። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አላለፍሁም። «የመንገዱ ግንባታ ሥራ በአሁኑ ወቅት በመከናወን ላይ የሚገኝ መሆኑን ኃላፊው ገልጸዋል» ይላል። ቃላቱ 11 ናቸው። «ኃላፊው መንገዱ እየተሠራ ነው አሉ» ቢባል በ5 ያልቅ ነበር፤ በተረፉት 6 ቃላት ውስጥ መንገዱ የት እንደ ደረሰ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ለምን እንደ ዘገየ የሚነግረኝ አንድም አላገኘሁም።

ድሮ ጽሑፍ ያርሙልን የነበሩት ጋሼ ረቂቃችንን ሲያዩ «ይገኛል» የሚለው ላይ ሲደርሱ በቀይ ያሰምሩና ከጎኑ «የት ጠፍቶ?» ብለው ይጽፉ ነበር። ሌላ ማብራሪያ አይሰጡም። ሁላችንም እንስቅ ነበር፤ ነገር ግን «እየተሠራ ይገኛል»፣ «በመስፋፋት ላይ ይገኛል»፣ «እየተወያዩ ይገኛሉ» ከዚያ ዘመን ይልቅ ዛሬ በዝተዋል። አሁን ደግሞ በመግለጫና በስብሰባ ላይ የሚነገረው «እየተሠራ ያለበት ሁኔታ ነው ያለው» ሳይታረም ወደ ጽሑፍ መግባት ጀምሯል። «ነው» ብቻውን ይሸከመው የነበረውን ጭነት ስንት ቃል እንደ ተሸከመው ስመለከት፣ ተናጋሪው ማሰቢያ ጊዜ ፈልጎ እንደ ተናገረው ይገባኛል፤ ጸሐፊው ግን ማሰቢያ ጊዜ ነበረው።

ነገሩን የሚያከፋው የቋንቋችን አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ገላጩም ከስሙ ስለሚቀድም፣ የሰውዬው ሥልጣን፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ የዘርፉና የክፍሉ መጠሪያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው አቶ እገሌ የሚደርሱት። ያን ያህል የታገሠ ሰው መጨረሻ ላይ «መሆኑ ተጠቁሟል» ተብሎ ሲሸኝ እንዴት አይከፋው? ማን ነው የጠቆመው? ለማንስ ነው የጠቆመው? «ተገልጿል»፣ «ተመልክቷል»፣ «ተብሏል» እያለ ዜናው ያልቃል፤ አንድ ሰው ወጥቶ «እኔ ብያለሁ» አይልም።

ለ«አሉ» ምትክ የሚገቡት ግሦችም ያናድዱኛል። «ጠቆሙ»፣ «አስረዱ»፣ «አሳሰቡ»፣ «አስገነዘቡ» እያንዳንዳቸው የራሳቸው ትርጉም ያላቸው ቃላት ሲሆኑ፣ ዘጋቢው ግን «አሉ»ን እንዳይደግም ብቻ በተራ ያሰልፋቸዋል፤ ስለዚህ ኃላፊው የስብሰባውን ቀን «አስገንዝበው» የወረርሽኙን አደጋ «ይጠቁማሉ»። አንዴ ብቻ የተናገረ ሰው «አክለው»፣ «አያይዘውም»፣ «በመጨረሻም» እየተባለ በየአንቀጹ እንደ አዲስ ይነሣል። «የጋራ መግባባት» የሚሉትን ለብቻው የሚግባባ ሰው እንዲያሳዩኝ፣ «ቅድመ ዝግጅት» የሚሉትንም ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚደረገውን ዝግጅት እንዲነግሩኝ እፈልጋለሁ። «መምህራኖች»ንና «ቃላቶች»ን የመሰለውን ድርብ ብዙ ቁጥር አላነሣም፤ ስለ እርሱ ስጮህ ኖሬያለሁ። አንዱን አራት ነጥብ ትተው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ስለሚመቱትና ግማሹ በመስመሩ መጨረሻ፣ ግማሹ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ስለሚቀርባቸውም እንዲሁ።

ቀደም ሲል ይህ ሁሉ የመጣው ዛሬ መጻፍ ስለማያደክም ይመስለኝ ነበር። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መውጣት በጀመረበት በ1917 ዓ.ም. ፊደል ለቃሚው እያንዳንዷን የእርሳስ ፊደል ከሣጥኗ በእጁ እያነሣ ይደረድር ነበር። የእንግሊዝኛው ለቃሚ 26 ፊደላት በትልቁና በትንሹ ሲበቁት የእኛው ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ተባዝተው 231 ይሆኑበታል፤ እንደ «ቋ» ያሉት ዲቃሎችና አኃዞቹ ገና አልተቆጠሩም። «በመከናወን ላይ የሚገኝ» ብሎ መጻፍ ለዚያ ሰው የጣት ሥቃይ ነው። ይሁንና የዚያን ጊዜ ጽሑፍም ቁጥብ አልነበረም፤ ለባለማዕረግ የሚደረደረው የክብር መጠሪያ ብቻውን ስንት መስመር ይበላ ነበር። ታዲያ ድካሙ ካልከለከለ፣ ትርፉ ቃል የመጣው ከስንፍና ሳይሆን ከሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። ከአክብሮት ይሆን? ከፍርሃት? ሁለቱን መለየት ነው ያቃተኝ።

አንድ ሽማግሌ ያርፋሉ እንበል። እያንዳንዱ ፊደል ይቆጠብ በሚለው በእኔ ሕግ ከሄድን «ሞቱ» ይበቃል፤ ሁለት ፊደል ነው። ግን እጄ እሺ አይልም። «ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» የሚለው ሐረግ ከ«ሞቱ» የበለጠ አንዳች ወሬ አይጨምርም፤ ይሁን እንጂ ለቀስተኛ ቤት ሲገባ እንደሚደረብ ነጠላ ነውና ማንም እንዲያወልቀው አልፈቅድም። «ሕይወታቸው አለፈ» የሚለውንም ስለዚሁ እወደው ነበር። ችግሩ ያው ሐረግ ወደ ሌላ ገጽ ሲሻገር ነው። «በተከፈተ ተኩስ የሁለት ሰዎች ሕይወት አልፏል» ሲባል ተኩሱ ነፋስ እንደ ገፋው በር በራሱ የተከፈተ፣ ሕይወቱም በራሱ ጊዜ ያለፈ ይመስላል። «ተገደሉ» ቢባል ገዳዩ ባይጠራ እንኳ ገዳይ መኖሩ ይታወቅ ነበር። እዚያ ለሟች ክብር የነበረው ሐረግ እዚህ ለገዳይ መሸሸጊያ ሆነ።

አንዲት ጽሑፍ ጀማሪ ልጅ «የሚሰረዙትን ቃላት ዝርዝር አድርገው ይጻፉልኝ» ካለችኝ ሰነባበተች። ዛሬ ማታ ጀመርሁላት። «ይገኛል» በመጀመሪያው መስመር ገባ፣ «የጋራ መግባባት» ተከተለ፣ «ተጠቁሟል»ም ያለ ክርክር አለፈ። «ሕይወታቸው አለፈ» ላይ ስደርስ ጻፍሁት፣ ሰረዝሁት፣ መልሼ ጻፍሁት፤ ከጎኑ ማብራሪያ ልጨምር ብዬ ማብራሪያው ገጽ ተኩል ሆነ። ዕድሜውን በሙሉ «አሳጥሩ» ሲል የኖረ ሰው ለሁለት ቃል ገጽ ተኩል! ልጅቱ የጠየቀችኝ መሰረዝ አለበት ወይስ የለበትም ብቻ ነው፤ ምን ብዬ ልላክላት?