ቀኝ እጄን ያፈጠንኩበት መንገድ

ስለ ጊታር ፍጥነት ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያየው ግራ እጅን ነው። እኔን ግን የያዘኝ ቀኝ እጄ ነበር። ግራ እጄ የትዝታን ስኬል (የኖታዎቹን ተርታ) ከላይ እስከ ታች ያውቀዋል። ፍጥነቱ ከፍ ሲል ግን ፒኩ፣ ማለትም ክር መምቻው፣ ክር በቀየርኩ ቁጥር ይደናቀፋል።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ግድግዳው ድምፅ ያሳልፋል። ስለዚህ ማታ ማታ ኤሌክትሪክ ጊታሬን አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ሳልሰካ እለማመዳለሁ። ይሄ በጣም ጠቅሞኛል። ዲስቶርሽን፣ ያ ሻካራው የአምፕ ድምፅ፣ ያልጠራን ምት ይሸፍናል፤ ያለ አምፕ ግን ፒኩ ክሩን ሲስት ወዲያው ይሰማል። መብራት ቢጠፋም ልምምዱ አይቋረጥም።

መጀመሪያ የቀየርኩት ፒኩን ነው። ስስ ፒክ ኮርድ ለመምታት ይመቻል። ነጠላ ኖታ በፍጥነት ሲመቱበት ግን ይታጠፍና ይዘገያል። 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ያዝኩ፤ ከጣቶቼ መሀል ጫፉ ብቻ ብቅ እንዲል አድርጌ።

ትልቁ ነገር የመጣው ግን ከቅኝቶቻችን ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አምስት አምስት ኖታ ናቸው። ጊታር ላይ ሲደረደሩ በአንድ ክር ሁለት ሁለት ኖታ ይደርሳል። አምባሰልን ከሲ (C) ብንጀምር 6ኛው፣ ማለትም ወፍራሙ ክር ላይ 8ኛና 9ኛ ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለው ክፍልፋይ)፣ 5ኛው ላይ 8ኛና 10ኛ ፍሬት እያልን እንቀጥላለን። አንዱን ወደ ታች፣ አንዱን ወደ ላይ ከመታን፣ ክር የምንቀይረው ሁልጊዜ ወደ ላይ ከመታን በኋላ ነው። ወደ ቀጭኑ ክር ብንወርድም ወደ ወፍራሙ ብንመለስም ያው ነው። ይህን ሳስተውል በጣም ደስ አለኝ! ወደ ላይ የተመታው ፒክ ሁለት ክሮች መሀል ከቀረ ለመውጣት መዝለል አለበት። ጊዜ የሚበላው ያ ዝላይ ነው። ስለዚህ የእጄን አንጓ ትንሽ አዘነበልኩ። ፒኩ ወደ ታች ሲመታ ወደ ክሮቹ ይገባል፤ ሲመለስ ወደ አየር ይወጣል። ከወጣ በኋላ የፈለገበት ክር ላይ ያርፋል።

ሜትሮኖም፣ እኩል ምት የሚቆጥረው መሣሪያ፣ አስፈላጊ ነው። በደቂቃ 60 ምት አድርገን በእያንዳንዱ ምት አራት አራት ኖታ ከመታን በሰከንድ አራት ኖታ ነው፤ በ120 ደግሞ ስምንት ይሆናል። ግን ከ60 ተነስቶ ቀስ በቀስ መጨመር ብቻውን ይበቃል የሚሉትን አልስማማም። በዝግታ ማንኛውም የእጅ እንቅስቃሴ ይሠራል፤ የማያዋጣው የሚታወቀው ሲፈጥን ነው። እኔ በአጭሩ መፍጠንን ቀላቀልኩበት። አራት ኖታ ብቻ በሙሉ ፍጥነት እመታና አምስተኛው ላይ አርፋለሁ። እጄን አላቅቄ፣ ተንፍሼ፣ እንደገና። በስልኬ ቀርጬ ቪዲዮውን አዘግይቼ ሳየው ፒኩ መውጣት አለመውጣቱ በግልጽ ይታያል። ክንዴ ወይም ትከሻዬ መጠንከር ከጀመረ አቆማለሁ። እጅን ማሳመም ልምምድ አይደለም።

ከጎን በር የሚኖሩት እናት የወሎ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ቀን ላይ አምፑን ከፍቼ ስለማመድ ደረጃው ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ አምባሰል አይደለችም እንዴ?» አሉኝ። «አዎ እማማ» አልኳቸው። «ታዲያ ምን ያስሮጥሃል? እሷ እኮ ትጎተታለች» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ስኬሉን በፍጥነት ከተለማመድኩ በኋላ ያንኑ ቅኝት በዝግታ፣ ኖታውን እየሳብኩ እጫወታለሁ። እጅ ሲፈጥን ዝግታውም ይረጋል፤ ይህን አልጠበቅኩም ነበር።

አሁን የያዝኩት ጭክጭካ ነው። ምቱ ስድስት ስለሆነ በሦስት በሦስት ይከፈላል። ወደ ታችና ወደ ላይ እያፈራረቅን ስንመታ የመጀመሪያው ሦስት ወደ ታች ይጀምራል፤ ሁለተኛው ግን ወደ ላይ። ወደ ላይ የሚመታው ደግሞ በተፈጥሮው ደከም ይላል። ስለዚህ አንድ ክር ላይ ብቻ ሆኜ አንደኛውንና አራተኛውን ኖታ እኩል አጠንክሬ እመታለሁ፤ ቀጥሎም ሁሉንም ገልብጬ ወደ ላይ ከሚመታው እጀምራለሁ። ሁለቱ አጀማመሮች በጆሮ የማይለዩበት ፍጥነት ላይ ሜትሮኖሙን አቆመዋለሁ፤ ከዚያ ነው የምጨምረው።